መርዶ ልታረዱ ስትሄዱ

ከዱባይ የተመለስኩ ቀን ሻንጣዬ ውስጥ ለእማዬ የገዛሁት የስኳር መለኪያ፣ አንድ ጥቁር ለስላሳ ጫማና ሁለት ሻሽ ነበር። ቦሌ ኤርፖርት ሊቀበሉኝ የመጡት አክስቴ፣ ወንድሜና አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱም ይስቁልኛል፤ ሦስቱም ግን ዓይኔን አያዩኝም። "እማዬስ?" ስል "ደክሟት ነው፣ ቤት ናት" አለችኝ አክስቴ። መኪናው ወደ እኛ ቤት አልሄደም። አክስቴ ቤት ሳሎን ስገባ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም።

እማዬ ከሞተች አራት ወር አልፏት ነበር።

አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየደወልኩ ነው። አንዴ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም ተባልኩ። አንዴ ስልኳ ተበላሽቷል። አንዴ ገጠር ዘመድ ጋ ሄዳለች። ለመድኃኒቷ በየወሩ የምልከውን ብር ግን ይቀበሉኝ ነበር፤ "አትላኪ" ቢሉኝ እንደምጠረጥር ያውቃሉ። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሁሉም ለእኔ ተራ ቀን ሆኖ አለፈ። በሰማንያዋ ቀን ምን እያደረግኩ እንደነበር በኋላ ቆጥሬ ደረስኩበት። የአሠሪዎቼ ልጅ ልደት ነበር፤ ኬክ እያዞርኩ ነበር።

ይህን የምጽፈው ቤተሰቤን ለመውቀስ አይደለም። ያደረጉት ከፍቅር ነው። "በሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ ትረዳለች" ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ብዙ ቤት መርዶ ይዤ ሄጃለሁ። እኛ ሰፈር ልጁን ውጭ ያልላከ ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ እድራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ "እሷን ጥሯት" ማለት ተለምዷል። የተሳሳትኩባቸው ጊዜያትም አሉ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ምን ያህል ጊዜ ይደበቅ?

የወላጆቻችን ወግ ብልህነት ነበረው። ሰው በመንገድ ላይ፣ በገበያ መሃል ወይም በሌሊት ብቻውን መርዶ አይነገረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ተያይዞ ይኬዳል። ያ ሰው በሩን ሲከፍት የሚደግፈው ክንድ እደጁ ቆሞ ያገኛል። ሰው ብቻውን አያልቅስ ነው ነገሩ። ይህን ወግ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ማንም "ኋላ ቀር ነው፣ በስልክ ብትነግሩት ምናለ" ቢለኝ አልሰማውም።

ግን ያ መጠበቅ የአንድ ሌሊት ነበር። ቢበዛ መንገደኛው ቤቱ እስኪገባ ነው። ልጆቻችን ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዋሽንግተን ከሄዱ በኋላ ነው አንዱ ሌሊት ወር የሆነው፣ ወሩም ዓመት የሆነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የምጣላው። ቀብር እኛ ጋ ይፈጥናል። ሙስሊሙ ከተቻለ በዚያው ቀን ይቀብራል፣ ክርስቲያኑም ቢበዛ በማግስቱ ነው። ዱባይ ደግሞ የአራት ሰዓት ግድም በረራ ናት። በሌሊት የተነገራት ልጅ ትኬት ካገኘችና አሠሪዎቿ ከፈቀዱላት ለነገው 9 ሰዓት ቀብር ልትደርስ ትችላለች። ካልቻለችም አለመቻሏን ራሷ ትወቀው። ኮንትራቴን አፍርሼ እሄድ ነበር ወይስ እዚያው ሆኜ አለቅስ ነበር? እኔ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ማወቂያው ቀን ሳይነገረኝ አለፈ። እናቴን የወሰደብኝ ሞት ነው። ያንን ምርጫ የወሰዱብኝ ግን የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የሚደግፍ ሰው አጠገቧ እስኪደርስ ድረስ ብቻ። ሰዓታት ነው። ሰው ማግኘት ካስቸገረ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን።

"ፈተና አለበትኮ!" የሚል ይመጣል። ፈተናው ነገ ጠዋት ከሆነና ቀብሩ ላይ መድረስ የማይችልበት አገር ካለ፣ እስከ ነገ ማታ ቆዩ። ፈተናው የሚያልቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ ግን ንገሩት። ፈተና ይደገማል። እርጉዝ ከሆነች ሐኪሟን አማክሩ፤ ባሏም ከውሳኔው አይቅር። ሆስፒታል የተኛ ሰውም እንደዚያው፣ በግምት አትወስኑ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን "ትንሽ እንቆይ" በጥርጣሬ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ የምንፈራው የእሷን ለቅሶ ሳይሆን እኛ ፊቷ ላይ ቆመን ያን ቃል ማውጣትን ነው። እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

በሰሜኑ ጦርነት ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስንት ሰው ነው የእናቱን፣ የወንድሙን ሞት መስመሩ ሲከፈት የሰማው? ከወራት በኋላ፣ ሲብስም ከዓመት በኋላ። በጥቅምት 2016 ደግሞ በጦርነቱ ለሞቱ ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶው በአንድ ሰሞን ተነግሮ በክልሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች መጠበቁን የመረጠላቸው ወዳጅ አልነበረም፤ ጦርነት ነው ያስጠበቃቸው። እኛ ስልኩ እጃችን ላይ እያለ ያንን ለገዛ ልጃችን ማድረግ የለብንም።

ማን ይንገር?

አንድ ሰው ይመረጥ። አሥር ሰው ሄዶ አሥሩም እየተያየ "አንተ ንገራት፣ አንቺ ንገሪያት" ሲባባል አይቻለሁ። ልጅቷ መሃል ቆማ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ትመለከታለች። ከዚያ የከፋ ማሰቃየት የለም።

የሚናገረው ሰው የምታምነው መሆን አለበት። የግድ የሥጋ ዘመድ ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ የቅርብ ዘመድ ከእሷ በፊት ይፈርሳል፤ እህትና ወንድም ለማቀፍ እንጂ ለመናገር አይመቹም። ረጋ ያለ ትልቅ ሰው፣ ቄስ ወይም ሼህ ወይም ፓስተር፣ ወይም አብራ የኖረች ጓደኛ ይሻላል። ከሁለት እስከ አምስት ሰው ይግባ። የቀረው ውጭ ይጠብቅና ለቅሶው ሲሰማ ይግባ።

ውጭ አገር ላለ ሰው ሥራው እዚህ ይጀምራል። እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ ከመናገራችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ፈልጉ። የቤት ደባል፣ የአገር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ወይም የመስጊዱ ሰው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ እንደ አገር ቤቱ እድር ያላቸው ሰዎች አሉ፤ በአንድ ስልክ ሃያ ሰው ይነቃል። ከባዱ ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ናት። ከቤት አትወጣም፣ ስልኳንም ማታ ብቻ ይሆናል የምትይዘው። ለእሷ በተቻለ መጠን ዓረብኛ የምትችል፣ ቤቱን የምታውቅ የአገር ልጅ ፈልጉና በእሷ በኩል አስቀድማችሁ ለማዳሟ አስነግሩ። ማዳሟ ደግ ከሆነች ያን ቀን ሥራ ታስቀርላታለች፣ አጠገቧ ትቀመጣለች። ክፉ ከሆነች ግን በእሷ በኩል አትሂዱ፤ ጓደኛዋ በስልክም ቢሆን መስመሩ ላይ ሆና ይነገራት፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ አይዘጋ።

መቼ?

ጎህ ሲቀድ ይሻላል ስል ለወጉ ብዬ ብቻ አይደለም። ቀኑ ሙሉ ከፊቷ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ቢሮ ይከፈታል፣ ትኬት ይፈለጋል። ማታ የተረዳ ሰው ግን ያንን ጨለማ ብቻውን ነው የሚገፋው። ልዩነት የማደርገው ለቀብር የመድረስ ዕድል ካለ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ይነገር።

የሰዓቱን ልዩነት አትርሱ። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ እኩለ ሌሊት ወይም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። መኪና የሚነዳ ሰው ጋ በፍጹም አትደውሉ። "የት ነህ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ታክሲ ላይ ነኝ ካለ በሰላም ተሰናብታችሁ ዝጉ። ድምፃችሁን ከጠረጠረ ደግሞ መኪናውን ዳር ያስይዝ፣ ጓደኛው ያለበት ድረስ ይሂድለት።

አሁን ደግሞ ፌስቡክ የሚባል ነገር አለ። አንድ የአጎት ልጅ ፎቶ አውጥቶ ሻማ ጨምሮበት "ነፍስ ይማር" ብሎ ይለጥፋል፤ ልጅ እናቱን ከዚያ ያገኛታል። አውቶብስ ላይ ሆኖ፣ በሥራ ዕረፍት አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ። ይህ እንዳይሆን ሞቱ እንደተሰማ አንድ ሰው ስልክ ይያዝና ለዘመዱ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስተላልፍ፦ "እገሊት ገና አልተረዳችም፣ ፎቶ እንዳትለጥፉ።" ይህ ሥራ ከድንኳን ተከላው እኩል ነው። የእድር ጸሐፊዎች ቢይዙት ደስ ይለኛል። የእኛ እድር ከዓመት በፊት ጀምሯል፦ ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት "ውጭ ያለ ልጅ አለ ወይ፣ ተረድቷል ወይ" ተብሎ ይጠየቃል።

ምን ይባል?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልጻፍ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው።

ግቡ። ተቀመጡ። እሷንም አስቀምጧት። እሳት ላይ ያለ ነገር ካለ አንዷ ታጥፋው። ሕፃን ከታቀፈች አንዳችሁ ተቀበሏት። እጇ ላይ ቢላዋ ወይም ብርጭቆ ካለ በቀስታ ውሰዱት። ሰላምታውን አታርዝሙ። በጠዋት ተሰብስባችሁ ስትመጡ ያየች ሐበሻ ሴት ልቧ ቀድሞ ያውቃል፤ "ደህና ናችሁ? ልጆችስ?" እያላችሁ አሥር ደቂቃ ስታቆዩአት አሥሩንም ደቂቃ እየሞተች ነው።

ከዚያ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር። ታናሽ ከሆነች "ልጄ፣ ዛሬ የመጣነው ለክፉ ነገር ነው። እናትሽ አርፋለች።" ትልቅ ሰው ከሆኑ "እትዬ፣ ከባድ ነገር ይዘን ነው የመጣነው። ወንድምዎ ትናንት ማታ አርፈዋል።" በቃ። "አርፋለች" ወይም "ሞታለች" የሚለው ቃል መውጣት አለበት። "እንግዲህ የእግዚአብሔር ነገር…" ብሎ ማንጠልጠል፣ "ትንሽ አሟታል" ብሎ መጀመር ሌላ ሥቃይ ነው። ብዙ ሰው በደረጃ መንገር ደግነት ይመስለዋል፤ ዛሬ ታማለች፣ ነገ ጠንቶባታል፣ ከነገ ወዲያ ሞታለች። ያን ሁለት ቀን ያቺ ልጅ ስለት ስትሳልና ስትጸልይ ትከርማለች፣ ለሞተ ሰው መዳን። በኋላ ይህን ስታስበው የሚሰማትን እኔ አውቀዋለሁ። እኔ ጸበል ገብታለች ስባል ማርያምን ስለት ተስዬ ነበር።

ከተናገራችሁ በኋላ ዝም በሉ። ትጩህ። ደረቷን ትምታ፣ መሬት ትንከባለል ይሆናል፤ ራሷን እንዳትጎዳ ብቻ ያዟት። "አታልቅሺ" አትበሉ። "ጠንክሪ፣ ልጆች አሉሽ" የሚባለውም ለሌላ ቀን ይቆይ። "እግዚአብሔር ያጽናሽ"፣ "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" ይበቃል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ አያለቅስም። ተነሥቶ ቡና ሊያፈላ ይሄዳል፣ ልብስ ማጠፍ ይጀምራል። እሱንም ተዉት፣ አብራችሁት እጠፉ።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። መቼ ሞተች? ምን ነበር ያመማት? ማን ነበር አጠገቧ? የት ተቀበረች? እኔን ጠየቀች ወይ? የምታውቁትን በእውነት መልሱ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፣ እዚያው ፊቷ ደውላችሁ የሚያውቀውን ሰው አገናኟት። እባካችሁ የመጨረሻ ቃል አትፍጠሩ። እኔን ለማጽናናት "ስምሽን እየጠራች ነው የሞተችው" አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል እያሰብኩ ነበር የማለቅሰው፤ ጠርታኝ አልመለስኩላትም እያልኩ። በኋላ ያስታመመቻት ጎረቤታችን ሳታውቅ ነገረችኝ፦ እማዬ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ራሷን አታውቅም ነበር። ተናድጄ ይሆን ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተናደድኩም፣ ቀለለኝ። እውነቱ ከውሸቱ ይሻለኝ ነበር።

ልሂድ ወይስ ልቅር?

የመጀመሪያው ለቅሶ ጋብ ሲል ይህ ጥያቄ ይነሣል። አትወስኑላት፣ መወሰኛውን አዘጋጁላት። አንድ ሰው ትኬት ይይ፣ አንድ ሰው ፓስፖርቷን ይፈልግ፣ አንድ ሰው ሥራ ቦታዋ ይደውል። ገንዘብ ይሰብሰብ። ሐበሻ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፣ ልመክራችሁ አያስፈልግም።

ወረቀቱን ግን አጣሩ። አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአገሪቱ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠርበታል፤ ፈቃዱን ይዞም ቢሆን ሸሸሁበት ወዳለው አገር መመለስ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ጠበቃ ጋ ይደወል። ሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለመመለስ ካሰበች የመውጫና መመለሻ ቪዛ ያስፈልጋታል፣ የሚያስወጣውም አሠሪዋ ነው። ለእረፍቱም ቢሆን የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የግል ድርጅቶችን የሐዘን ፈቃድ ስጡ ብሎ አያስገድድም፤ የራሳቸው ሕግ ያላቸው ስቴቶች አሉ፣ የቀረው በአሠሪው ፈቃድ ነው። እዚህ አገር ተቀጥሮ ለሚሠራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሠራተኛ አለ፤ ሣልስት ሳይወጣ የሚመለስ አለ።

ካልሄደች እዚያው ለቅሶ ይቀመጥ። ክፍሏ ጠባብ ቢሆንም ፍራሹ መሬት ይውረድ፣ ንፍሮ ይቀቀል፣ ቡና ይፈላ፣ ፎቶዋ ይቀመጥ። ቀብሩን በስልክ ማየት ከፈለገች አንድ የተረጋጋ ወጣት መቃብሩ ጋ ስልክ ይዞ ይቁምላት፤ ካልፈለገች አታስገድዷት። በ2012 በኮሮና ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠን ለቅሶ መድረስ አቅቶን ነበር። ያኔ በስልክ እያለቀስን ያሳለፍን ሰዎች ምን ያህል እንደሚጎድለውም፣ ምን ያህል እንደሚረዳም እናውቃለን። በኋላ አገር ቤት ስትመጣ ደግሞ እርሟን ታውጣ። ዓመት ቢያልፍም "አሁንማ አልፏል" አይባልም። መቃብሩ ጋ ውሰዷት፣ ጥላችኋት ሳትሄዱ ትንሽ ራቅ በሉላት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ

ድንኳኑ ሲፈርስ ሰው ይበተናል። በእኔ ግምት ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ። ስልካችሁ ላይ ቀን መዝግቡ። አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን። ኦርቶዶክስ ካልሆኑም ቀኑን መዝግቡት፤ ለሙስሊም ጎረቤቴ ባሏ የሞተ ጊዜ አራት ወር ከአሥር ቀን የዒዳ ጊዜዋ ውስጥ ከቤት ስለማትወጣ በየሐሙሱ ሽንኩርትና ቲማቲም ይዤላት እገባ ነበር። ያን ሽንኩርት እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። "ምን ልርዳሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ያዘነ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም። ይዛችሁ ግቡ።

ስለ ሟች ዕቃም አትቸኩሉባት። እማዬ ሳልመጣ ልብሷ ሁሉ ተመጽውቶ ነበር፣ ደንቡ ነውና። አንድ ነጠላ ብቻ አክስቴ ሰርቃ አስቀረችልኝ። እስካሁን አላጠብኩትም። የገዛሁላትን ጥቁር ጫማ እማዬን ለገነዟት ሴትዮ ሰጠኋቸው፤ እግራቸው ልክ ሆነ። የስኳር መለኪያው በሰፈሩ ይዞራል፤ ስኳር ያለባቸው የእድራችን እናቶች ጠዋት ጠዋት በየተራ ይለኩበታል፣ ስትሪፑን እኔ እገዛለሁ።

ያላሰብኩት ነገር የወሩ ብር ነበር። ዱባይ ሳለሁ ደመወዝ የሚገባበት ቀን የእማዬ ቀን ነበር። ወዲያው መላክ፣ "ደረሰሽ?" ብሎ መደወል። ተመልሼ አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር ደመወዜ በገባ ቁጥር እጄ ስልኩን ያነሣል። ፍቅር ሰውየው ሲሞት አብሮ አይሞትም፤ የሚሄድበት ያጣል እንጂ። ለወራት ያንን ብር ለየብቻ እያስቀመጥኩ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። አሁን ለታናሽ ወንድሜ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ በዚያው ቀን። ልኬ "ደረሰህ?" እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ ብሩን ወይም የሚደውልበትን ሰዓት ወይም የሚያበስለውን ሁለተኛ ሳህን ምን ላድርገው ሲል ብትሰሙት ሞኝነት አይምሰላችሁ። አብራችሁት ፈልጉለት።

ቀድሞ የደበቃችሁ ካላችሁ

ይህን እያነበባችሁ "እኛኮ ለወንድማችን አልነገርነውም፣ ስድስት ወር ሆነ" የምትሉ ትኖራላችሁ። በዚህ ሳምንት ንገሩት። በመጣ ጊዜ አትበሉ። ሰው አጠገቡ እንዲሆን አድርጉና ንገሩት፤ ስትነግሩትም ሁለቱን ለዩለት። መጀመሪያ ሞቱን። ሲያለቅስ ጠብቁት። ከዚያ መደበቁን፦ "ስድስት ወር ሆኗል፤ ፈርተን ነው የደበቅንህ፤ ተሳስተናል።" ለአንተ ብለን ነው እያላችሁ አትከራከሩ። ቢቆጣ ይቆጣ። ስልክ ባይመልስ ሰንብታችሁ ደውሉ።

እኔ አክስቴን አንድ ዓመት ገደማ በደንብ አላነጋገርኳትም። ከዚያ አንድ ፋሲካ ቤቷ ሄድኩ። ምንም አላወራንም። ያን ነጠላ አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "እኔኮ የምነግርሽን ቃል አጥቼ ነው" አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አክስቴም እህቷን ቀብራ፣ በየሳምንቱ ስልክ አንስታ በደስተኛ ድምፅ "ጸበል ናት" ስትለኝ ከርማለች። እሷም ማልቀሻዋን ተነጥቃ ነበር።

ባለፈው ጥር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ጎረቤታችን አንድ አባት አረፉ። ሴት ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ወንድሞቿ "ለረመዳን ትመጣለች፣ ያኔ ትስማ" አሉ። እናትየውን ክፍል ውስጥ ገብቼ የራሴን ነገር ነገርኳቸው፣ የኬኩንም ጭምር። ብዙ ዝም አሉ፤ ከዚያ "ደውሉላት" አሉ። ሪያድ ያለች ጓደኛዋን ቀሰቀስናት። እሷ ማዳሟን አነጋገረች፤ ማዳሟ ተነሥታ ልጅቷ ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው እኛ መስመሩ ላይ የገባነው። አጎቷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሯት፤ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ነበር፣ በሁለቱም በኩል። ማንም አልዘጋም።

ሊነጋ ሲል ድምፅዋ ተመለሰ። "ጀናዛው ስንት ሰዓት ነው?" አለች።

"ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ልጄ።"

ዝም አለች። ትኬት እያሰበች መሰለኝ፤ ቪዛውንም፣ ቀኑንም።

"አልደርስም" አለች። "ከዐስር በፊት ደውሉልኝና ስልኩን ራስጌው አድርጉልኝ። ያሲን እቀራለታለሁ።"